የቀይ ቀበሮ ጤና በእረኛው ደጅ

«የእንስሳት ሐኪም» ሲባል በብዙ ሰው ሐሳብ ላይ የሚመጣው በሬ ነው፤ ቢበዛ ላምና በቅሎ ይጨመሩበታል። «የዱር አራዊት ጠባቂ» ሲባል ደግሞ የሚታየን ጠመንጃ ያነገተና ሕገ ወጥ አዳኝ የሚያሳድድ ዘበኛ ነው። ሁለቱን ሙያዎች አንድ ላይ አስቦ የሚናገር ሰው እምብዛም አይገኝም። የእንስሳት ሕክምና ከተማሩት ወጣቶች መካከል እንኳ ወደ ወረዳ ሲመደቡ «የቀበሮና የጎሽ ነገር እኛን አይመለከትም» የሚሉ አሉ። እኛ ግን ነገሩን ስንመረምረው፥ በተራሮቻችን ላይ የቀሩት ብርቅ አራዊት መኖራቸውም ሆነ መጥፋታቸው በአብዛኛው የሚወሰነው በገበሬውና በከብት አርቢው ደጅ በሚውሉት እንስሳት ጤና ሆኖ አግኝተነዋል።

ሁላችንም ከምናውቀው ታሪክ እንጀምር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየውና ክፉ ቀን እየተባለ የሚጠራው ረኃብ የመጣው በድርቅና በአንበጣ ብቻ አልነበረም። ዋናው ምክንያት ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ነው። (ክፉውን ነገር በመልካም ስም መጥራት ልማዳችን ስለሆነ ይሆን፥ እንዲህ ያለውን ጨካኝ በሽታ ደስታ ብለን የሰየምነው?) የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያስረዱት በሽታው የገባው የኢጣልያ ጦር ለስንቁ ከህንድ አስመጥቶ በምጽዋ ባወረዳቸው ከብቶች ነው። ከዚያ በኋላ ደጋውንም ቆላውንም አዳረሰው፤ ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ በመጥፋቱም መሬቱ ጦም አደረ፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ እንደ ሆኑ ተጽፎ ይገኛል።

ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት ተምረነዋል። ብዙ ጊዜ የማይነገረን ግን በዚያው ወራት በዱር የሆነው ነው። ደስታ ኰቴው ስንጥቅ የሆነውን እንስሳ የሚይዝ በሽታ ስለሆነ፥ ጎሹም አጋዘኑም ቀጭኔውም እንደ በሬው ወደቁ። በሽታው ከእኛ አገር አልፎ ወደ ደቡብ በመጓዝ በአሥር ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ የአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ደረሰ። በመንገዱም ጎሽ ይርመሰመስበት የነበረው ሜዳ ባዶውን ቀረ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ጥፋቱ በዱር አራዊት ላይ ይላከክ ነበር። በሽታው በጫካ ተደብቆ ይኖርና ወደ ከብቱ ይመለሳል የሚል እምነት ስለነበረ፥ ከብቱን ለማዳን ሲባል አራዊቱን መግደል እንደ ጤና ሥራ የተቈጠረበት ጊዜና ቦታ ነበር። ይህን ፍርድ የገለበጠው የክትባት ሥራ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሳይንስ መዛግብት እንደ ተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

በታንዛኒያ ሰሬንጌቲ በሚባለው ሰፊ ሜዳ ዊልደቢስት የተባለ ጢማም የዱር እንስሳ አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲቈጠር ከሩብ ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም ነበር፤ በየዓመቱ የሚወለደው ጥጃም ገና ዓመት ሳይሞላው በደስታ ይረግፍ ነበር። በሜዳው ዙሪያ የሚኖሩት ከብት አርቢዎች ከብቶቻቸውን ካስከተቡ በኋላ ግን ከ1963 ገደማ ጀምሮ በሽታው ከዱር ጥጆች ላይ ጠፋ። በ1977 ሲቈጠር ዊልደቢስቱ 1.3 ሚሊዮን ያህል ደርሶ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ አንዱንም የከተበ ሰው የለም። የተከተበው የጎረቤት ላም ነው። ስለዚህ ለዘመናት የተከሰሰው አውሬ በሽታ አስተላላፊ ሳይሆን በሽታ ተቀባይ እንደ ነበረ ተረጋገጠ።

በዚያው ዘመን እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዋልተር ፕላውራይት ከባልደረቦቹ ጋር በኬንያ ሙጉጋ በተባለው የምርምር ጣቢያ ርካሽና አስተማማኝ የደስታ ክትባት ሠራ። ለዚህም በ1999 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝቷል። ሆኖም ክትባቱ ቅዝቃዜ ይሻ ነበር፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት በረሃ ውስጥ ተሸክመው ሲጓዙ ይበላሻል። በኢትዮጵያ በሽታው መጨረሻ ላይ የተሸሸገው እንዲህ ባለው አገር፥ በአፋር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሙቀት የሚችል ክትባት በመገኘቱና ከአርብቶ አደሩ መካከል ራሱ ሕዝቡ የመረጣቸው ሰዎች ሠልጥነው ከብቱን በየሰፈሩ እየተከተሉ በመክተባቸው፥ ከ1995 በኋላ በአገራችን ደስታ ታይቶ አያውቅም። እነዚያ ከታቢዎች ዲግሪ አልነበራቸውም፤ ከብቱ በየትኛው ወር በየትኛው ውኃ እንደሚገኝ ግን ከማንኛውም ባለዲግሪ ይልቅ ያውቁ ነበር። በዓለም ላይ የመጨረሻው የደስታ በሽታ የታየው በ2001 በኬንያ ሜሩ ብሔራዊ ፓርክ በዱር ጎሾች ላይ ሲሆን፥ በሰኔ 2011 በሽታው ከምድር ላይ መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ፈጽሞ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው።

እንግዲህ ይህ ትልቅ ድል ለበሬውም ለጎሹም የሆነ ነው። አሁን ግን በአገራችን ያልተፈታ፥ በየጥቂት ዓመቱ እየተመለሰ የሚያሰጋን ሌላ ጉዳይ አለ።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትኛውም አገር አይገኝም። ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 ያነሱ እንደ ሆኑ ይገመታል፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ሲሆኑ፥ የቀሩት በአርሲ፥ በስሜን፥ በወሎ ተራሮችና በመንዝ ጓሳ ተበታትነው ይኖራሉ። ይህ እንስሳ በውርጭ በሚመታው ከፍተኛ ደጋ ላይ ፍልፈልና አይጥ እየያዘ የሚኖር ነው። ሲያድን ለብቻው ነው፤ ኑሮው ግን በቤተሰብ ነው። ማለዳና ማታ የቤተሰቡ አባሎች ተገናኝተው አፍ ለአፍ እየተላላሱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። የሚያየው ሰው ፍቅራቸውን ያደንቃል፤ ሐኪሙ ግን ይሠጋል። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በለሃጭ በመሆኑ አንዱ ከታመመ ቤተሰቡ በሙሉ አደጋ ላይ ይወድቃል።

በሽታውስ ወደ ተራራው በምን ይወጣል? ከእረኛው ውሻ ጋር ነው። በባሌ ጎደንቱ በሚባለው ልማድ ከብት አርቢው እንደ ወቅቱ ከብቱን ይዞ ወደ ከፍተኛው ግጦሽ ይወጣል፤ ውሻውም አብሮ ይወጣል። ጅብና ነብር ባለበት አገር ያለ ውሻ ከብት ማሳደር የማይታሰብ ስለሆነ፥ «ውሻችሁን ተዉ» ማለት ከተማ ተቀምጦ የሚሰጥ ምክር ነው። ውሻው አይታሰርም፤ ቀለቡም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የሚበላውን ፍለጋ ቀበሮው በሚያድንበት ሜዳ ላይ ሲዞር ይውላል። እዚያ ከቀበሮ ጋር ይጣላል፤ አንዳንድ ጊዜም ይራባል። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም።

በባሌ በ1991ና በ1992፥ እንደገናም በ2003ና በ2004 የእብድ ውሻ በሽታ በገባ ጊዜ፥ ተመራማሪዎች አንድ በአንድ እያወቁ ይከታተሏቸው ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት ሦስቱ ያህል አልቀዋል። በ2008ና በ2009፥ በ2014ም በሽታው ተመልሷል። ከዚህ ሌላ ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ በሽታ በ2006፥ በ2010፥ በ2015ና በ2016 ሌላ ጥፋት አድርሷል። በጥቂት ወራት ውስጥ ይህን ያህል ቀበሮ የጣለ ጠመንጃ በባሌ ታይቶ አያውቅም። ሆኖም ስለ ጥበቃ ሲነገር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ስንት ዘበኛ እንዳለ ነው።

ስለዚህ ሐኪሙ ምን ያድርግ? ቀበሮውን በቀጥታ ይከትብ ቢባል መልሱ እንደሚመስለው ቀላል አልነበረም። በ1991 በሰሬንጌቲ ተመራማሪዎች ይከታተሏቸው የነበሩት የአፍሪካ የዱር ውሾች ፈጽመው በመጥፋታቸው፥ አንዳንድ ሊቃውንት ጥፋቱን ያመጣው የሰው እጅ ነው፤ እንስሳቱ በመያዛቸውና በመከተባቸው ምክንያት ሰውነታቸው ተዳክሟል ሲሉ ከስሰው ነበር። ሌሎች ሊቃውንት ክሱን ማስረጃ የለውም ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ መራር ነበር፤ ውጤቱም ብርቅ አውሬ በመርፌ ለመንካት ፈቃድ የሚሰጥ ባለሥልጣን እንዲፈራ ማድረጉ ነው። እኛ ፍርሃቱን አንነቅፍም፤ 500 ብቻ በቀሩት እንስሳት ላይ የሚደረግ ስሕተት የሚታረም አይደለምና። ነገር ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥም ውሳኔ ነው፤ የዚህም ውሳኔ ዋጋ በባሌ ሜዳ ላይ ሬሳ ሆኖ ታይቷል።

በ2003 መጨረሻ ላይ በሽታው በወብ ሸለቆ ሲነድ ፈቃዱ ተሰጠ። ሐኪሞቹም ቀበሮውን ሁሉ ለመክተብ አልሞከሩም፤ ያ የማይቻል ነበር። የባሌ ቀበሮዎች የሚኖሩባቸው ሜዳዎች የሚገናኙት በጠባብ መተላለፊያዎች ነው። ስለዚህ በእነዚህ መተላለፊያዎች ላይና በአጠገባቸው ያሉትን ቤተሰቦች በወጥመድ እየያዙ ከተቡና ለቀቁ። ገበሬ እሳት ሲነሣ ሜዳውን ሁሉ ውኃ አያጠጣም፤ እሳቱ የሚሻገርበትን ሣር ያጭዳል፤ ዘዴው ይኸው ነው። በሽታው ከሸለቆው ወጥቶ ወደ ሌሎቹ ሜዳዎች አልተዛመተም። ከተመራማሪዎቹ የተገኘውም ስሌት፥ ከቀበሮዎቹ ከግማሽ ያነሱትን ብቻ በተመረጠ ቦታ በመክተብ ዘሩን ከመጥፋት ማዳን እንደሚቻል የሚያስረዳ ነበር።

ነገር ግን ይህ እሳት ከተነሣ በኋላ የሚደረግ ሩጫ ነው። ቀበሮን በወጥመድ መያዝ ለሰውም ለእንስሳውም አድካሚ ስለሆነ፥ በሽታው ሳይመጣ የሚሰጥ የቀለለ መንገድ ተፈለገ። በዚህ ረገድ ስዊዘርላንድ በ1978 ቀዳሚ ሆና ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ የሚያስተላልፉትን የዱር ቀበሮዎች በመርፌ ማግኘት ስለማይቻል፥ ክትባቱን በዶሮ ራስ ውስጥ ሸሽገው በሸለቆ ውስጥ በተኑት። ቀበሮው የዶሮውን ራስ ሲያኝክ ክትባቱ አፉን ይነካል፤ ሥራውም በዚሁ ይፈጸማል። ይህ የሚያስቅ የሚመስል ብልሃት እየተስፋፋ ሄዶ ምዕራብ አውሮፓን ከቀበሮ ወለድ የእብድ ውሻ በሽታ አጽድቷል።

የእኛ ቀይ ቀበሮ የዶሮ ራስ ምን እንደ ሆነ አያውቅም። ስለዚህ በባሌ ልዩ ልዩ ምግብ ቀርቦለት ተፈትኖ፥ የመረጠው የፍየል ሥጋ ሆነ። ክትባቱ በትንሽ ከረጢት ተደርጎ በሥጋው ውስጥ ይሸሸጋል፤ በሌሊትም ቤተሰቡ በሚያድርበት አካባቢ ይጣላል። ሥጋውን ሳያኝክ የዋጠ ቀበሮ አልተከተበም ማለት ስለሆነ፥ የቍራሹ መጠን እንኳ በብዙ ድካም የተጠና ነው። ፈተናው ተሳክቶ በነሐሴ 2018 በባሌ ይህ የአፍ ክትባት በሥራ ላይ ዋለ። በረዶ በሚጥልበት ደጋ ላይ በፈረስ ሆነው በጨለማ የፍየል ሥጋ የሚያድሉ ሰዎችን ሥራ፥ ጠረጴዛ ይዘን ለምንቀመጠው ለእኛ ማሰብም ያዳግታል።

ለዲስቴምፐር ግን እንዲህ ያለ በአፍ የሚሰጥ መፍትሔ የለም። ይህ በሽታ ከደስታና ከሰው ኩፍኝ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው፤ በትንፋሽም ስለሚተላለፍ ንክሻ አይጠብቅም። በ1994 በሰሬንጌቲ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ አንበሶችን፥ ማለት ከሜዳው አንበሶች ሢሶ ያህሉን የገደለው እርሱ ነው። የአራዊት ንጉሥ በውሻ በሽታ ሲሞት ከማየት የበለጠ የመንደሩንና የዱሩን ዝምድና የሚያስረዳ ነገር እኛ አናውቅም።

በስሜን ተራሮች በ2020 የሆነ አንድ ነገር እናስታውስ። ጥይት እግሩን የሰበረው አንድ ቀይ ቀበሮ ተገኝቶ፥ ሐኪሞች አምሳ ቀን ያህል በልዩ ማቆያ አስታምመው፥ ተረፈ የሚል ስም ሰጥተው፥ በአንገቱ ላይ መከታተያ አድርገው ለቀቁት፤ እርሱም ወደ ዱር ተመልሶ ኑሮውን ቀጠለ። ታሪኩ ደስ ያሰኛል፤ በጋዜጣም ቢወጣ ይነበባል። ነገር ግን የእንስሳት ሕክምና ለዱር አራዊት የሚሰጠው ትልቁ አገልግሎት ይህ አይደለም። ትልቁ አገልግሎት ማንም ፎቶግራፍ የማያነሣው፥ በአንድ መንደር ውስጥ ስሙ እንኳ ያልተጻፈ ውሻ አንገቱን ተይዞ መርፌ ሲወጋ ነው።

ዋናው ችግር ያለውም እዚህ ላይ ነው። በሬ የግብርናው ነው፤ ወተት፥ ሥጋና ጕልበት ስለሚሰጥ በጀት ይያዝለታል። ቀበሮ የዱር አራዊት ባለሥልጣን ነው፤ ሥልጣኑ ግን የፓርኩ ድንበር ላይ ያበቃል። በውሻ የተነከሰ ሰው የጤና ጥበቃ ነው። ውሻው ራሱ ግን የማን ነው? ወተት አይታለብ፥ ወደ ውጭ አገር አይላክ፥ ፓርክ ውስጥ ቢገኝም እንደ ጥፋተኛ ይባረራል እንጂ እንደ ታካሚ አይቈጠርም። ሦስት መሥሪያ ቤቶች ከበውት ሳሉ ለሁሉም ባዕድ ሆኖ ይኖራል። ከ1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በባሌ ዙሪያ በሺህ የሚቈጠሩ ውሾችን ሲያስከትብ መቆየቱ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን የአንድ ወረዳ የዕለት ተዕለት ሥራ መሆን ያለበት ነገር ለዘላለም በአንድ የጥበቃ ድርጅት ትከሻ ላይ ሊቀር አይገባም።

የሥራውም ጠባይ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚተው አይደለም። በሽታው እንዳይዛመት ከመቶ ውሻ ሰባው ያህል መከተብ አለበት ይባላል። የገጠር ውሻ ዕድሜው አጭር ነው፤ የተከተበው ይሞታል፥ ያልተከተበ ቡችላ ይወለዳል፤ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ያ ሁሉ ድካም ይሟሟል። ስለዚህ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተከፍቶ፥ ንግግር ተደርጎበት፥ በዓመቱ የሚረሳ ዘመቻ ለቀበሮውም ለሰውም ጥቅሙ ትንሽ ነው።

«ሰው ሳይጠገብ ለቀበሮ መድኃኒት?» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሳችን ገንዘቡ የሚወጣው ለቀበሮ ብቻ አይደለም የሚል ነው። በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች ከመቶ 99 ያህሉ በሽታው የሚይዛቸው ከውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ከውሻ ጋር የሚውሉትም ልጆች ናቸው፤ የሚነከሱትም በብዛት እነርሱ ናቸው። ከሆስፒታል የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ላለ እረኛ ልጅ ከንክሻ በኋላ በየቀጠሮው መርፌ ይዞ መድረስ ከባድ ነው፤ ውሻውን አስቀድሞ መክተብ ግን የአንድ መርፌ ጉዳይ ነው። የልጁና የቀበሮው መድኃኒት አንድ ሆኖ በተገኘበት ቦታ «ከሁለቱ የቱን?» ብሎ መከራከር ለእኛ ትርጕሙ አይታየንም።

በስሜን ያለው የዋልያ ነገርም እንዲሁ በሰው ፍየሎች ላይ የተንጠለጠለ ነው። የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ የሚባለው የደስታ ዘመድ በአገራችን መንጋዎች ውስጥ አለ። በፓኪስታንና በኩርዲስታን የዱር ፍየሎችን ገድሏል፤ በሞንጎልያም በ2016ና በ2017 ሳይጋ የሚባለውን የሜዳ እንስሳ አብዛኛውን ፈጅቶታል። በመቶዎች ብቻ የሚቈጠረው ዋልያ በሚወጣበት ገደል ሥር የገበሬው ፍየል ይሰማራል። ዓለም ይህን በሽታ እስከ 2030 ለማጥፋት ዐቅዷል። ክትባቱም በቢሾፍቱ የሚገኘው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚያመርተው ስለሆነ ከሩቅ አገር የሚለመን አይደለም።

በባሌ፥ በስሜን፥ በወሎና በመንዝ ዙሪያ ባሉት ወረዳዎች የተመደቡ ወጣት ሹማምንትና ሐኪሞች ይህን ጽሑፍ ሳያነቡት አይቀሩም ብለን እናምናለን። የሚቀጥለው ዓመት የክትባት ዕቅድ ቀርቦ ሲፈርሙበት፥ የበሬው፥ የበጉና የፍየሉ ቍጥር በተጻፈበት ሠንጠረዥ ላይ ለውሻ የተሰመረ ዐምድ መኖሩን እንዲመለከቱልን እንለምናለን። ከሌለ መስመሩን ማስመር የሚኒስትር ፈቃድ የሚሻ ነገር አይመስለንም፤ ለመጀመሪያው ዓመት የሚያስፈልገው በየቀበሌው ስንት ውሻ እንዳለ የሚቈጥርና እረኞቹ ወደ ተራራ የሚወጡበትን ወር የሚጠይቅ አንድ ሰው ነው።